የስለቷ ብስክሌት ወደ ጊሼ

ወደ ጊሼ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ያበደ፣ ወይ እናቱ የተሳለችበት። እኔ ሁለተኛው ነኝ፤ በመንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ከመጀመሪያው መድበውኛል። ከተመለስኩ ወዲህ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «እስቲ ንገረን» ስለሚለኝ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ስለዚህ ጻፍኩት። ከአሁን በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው ሱሪው እስኪያልቅ ይህንን ያነባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ብስክሌቴ ደብረ ብርሃን ከአስፋልቱ ዳር ካለ ቦይ ውስጥ ጣለችኝና ቀኝ እግሬ ተሰበረ። እናቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ለትውልድ አገሯ ለጊሼው ጊዮርጊስ ተሳለች። ቃሏ ይኸውላችሁ፦ «ልጄን በእግሩ ካቆምክልኝ፣ ያቺን ጉደኛ ብስክሌት ራሱ እየነዳ አምጥቶ ለሰባረ አጽሙ በደጅህ ያስረክባል። እስከዚያ አልጋ ላይ አልተኛም።» ሰባረ አጽሙ የሰማዕቱ አጥንት የተፈጨበት መታሰቢያ ነው፤ ጥር 18 ይውላል። አጥንት ለተሰበረ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን የለም ብላ ነው።

እግሬ ዳነ። እናቴ ግን ሰሌን አንጥፋ መሬት ላይ መተኛቷን ቀጠለች። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ በብርጭቆ አይቀዳም፣ መሰበር አለበት። ሳሏን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ዘንድሮ ካልደረስኩ ደግሞ እስከ መጪው ጥር መሬት ላይ ናት። ብስክሌቷን እወዳታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ዘመዶቼ አብልጬ እወዳታለሁ። ግን እናት እናት ናት።

ጥር 14። እናቴ ብስክሌቷን ጸበል ረጨቻት። ጸበሉ ፍሬኑ ላይ አርፎ ኖሮ ከቤት እስከ አስፋልቱ እየጮኸች ሄደች። ስንቄ በሶና ቆሎ ነው፤ ጓዜ ደግሞ መቀስ፣ መርፌና ክር፣ የጎማ መንፊያ፣ አንዲት ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ። ቁልፏን የጨመርኳት ኪሴ ውስጥ ቦታ ስለነበረ ብቻ ነው።

እስከ ጣርማበር መንገዱ አስፋልት ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች «ወዴት ነው?» ይሉኛል። «ጊሼ» እላለሁ። አንዱ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ ቀጥሎ ግንባሬን በመዳፉ ዳሰሰና ትኩሳት እንደሌለኝ አረጋግጦ ሄደ። ጣርማበር ላይ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ዋጠኝ። የፊት ጎማዬን ማየት አቃተኝ፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥዬ ወደ መንዝ የዞርኩት በዓይኔ ሳይሆን ሰው በመጠየቅ ነው።

ወደዚያ ለማትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቤተ ክርስቲያን ፊት ተጭኖ ማለፍ ነውር ነው፤ በበቅሎ ያለም ይወርዳል፣ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። በእኛ ከተማ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ማማተብ ይበቃል። እዚህ ግን ጉብታ ባለበት ሁሉ ደብር አለ፣ ጉብታ የሌለበት ደግሞ የለም። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ተሳለምኩ። ለአንድ ዓመት ያህል የሚሆን ሳልሳለም አልቀረሁም።

ያደርኩት መዘዞ ነው። የማደሪያው ባለቤት «ብስክሌቷም አልጋ ትፈልጋለች?» ብሎ አሾፈብኝ። የጊዮርጊስ ስለት መሆኗን ስነግረው ቆቡን አወለቀና ራሱ ተሸክሞ ክፍሌ አስገባት። የእኔን ቦርሳ ግን በረንዳ ላይ ረሳው።

ጥር 15። ከመዘዞ በኋላ ጠጠር ነው። ወደ ሞላሌ ስቃረብ የበግ መንጋ መንገዱን ሞላው። ለበጎቹ ብዬ ወደ ዳር ስታጠፍ የፊቱ ጥርስ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ጥርስ የምለው ከፔዳሉ ጋር የሚዞረውን፣ ሰንሰለት የሚጎትተውን ክብ ብረት ነው። ታጠፈ። ሰንሰለቱ ባለፈ ቁጥር ይነክሰዋል፣ ይቆማል። በጎቹ ደህና ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ጥርሱን ፈትቶ በድንጋይ ቀጥቅጦ ማቅናት። በአምስት ትንንሽ ብሎኖች ነው የታሰረው። ቁልፌን አውጥቼ የመጀመሪያውን ሳዞረው ዞረ። ደስ አለኝ። ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከኋላ ያለው ዳዶም አብሮ ይዞራል። እንዲህ ያለ ስምምነት በባልና ሚስት መካከል እንኳ አይቼ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ላለው ብስክሌት ጠጋኛችን ደወልኩ። «ከኋላ መያዣ ያስፈልግሃል» አለኝ። «ሁለት ጥርስ ያላት ትንሽ ብረት ናት። የዳዶው ጀርባ ተሰንጥቋል፣ መሐሉ ደግሞ ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱ ጥርሶች ስንጥቁ ውስጥ ገብተው ይይዙታል። እኔ ዘንድ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች።» ስለ መልካም ዜናው አመሰገንኩት።

ቀጥሎ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ጥርሷ ታጠፈ። አይሱዙ ላይ ልጫናት?»

«ጊዮርጊስ ፈረሱን አይሱዙ ላይ ጭኖ ነው ደራጎኑን የገደለው?»

«እሺ፣ እየገፋሁ ልሂድ?»

«እየነዳ ነው ያልኩት። ቃሌ ነው፣ ጌትነት።»

«ዳገት ላይስ?»

ሳለች። ስታስብም ትስላለች። «ዳገት ላይ ፈረስም ይጎተታል» አለች በመጨረሻ። «ሜዳ ላይ ግን ተቀመጥባት።»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። እናቴ «እየነዳ» ባትል ኖሮ በማግስቱ ጊሼ ነበርኩ። ሰንሰለቱን አውልቄ በፌስታል ጠቅልዬ አሰርኩት። ዳገቱን ገፋሁ፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ኮርቻዋ ላይ ተቀምጬ በሁለት እግሬ መሬቱን እየገፋሁ ተጓዝኩ። ከአጠገቤ የሚሄዱ ገበያተኞች ለጨዋነት ሲሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱልኝ።

ሞላሌ ስደርስ የሠርግ ወር ስለነበር ማደሪያው ሁሉ ሞልቷል። ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት «ሰው ብርድ ላይ አያድርም» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። የመጣሁበትን ሲሰሙ ጎረቤት ተጠራ። ቢላዋ መጣ፣ የቁልፍ ጀርባ መጣ፣ ሳንቲም መጣ፣ ካቻቢቴ መጣ። ካቻቢቴው መሐል ያለው ቀዳዳ ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረ። ሁሉም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ።

እትዬ ዘነበች ጓዳ ገብተው አንድ ሹካ ይዘው ብቅ አሉ።

«የሠርጌ ስጦታ ነው» አሉ። «በልተንበት አናውቅም። እንጀራ በሹካ ማን ይበላል?»

«እትዬ፣ ይበላሽብዎታል።»

«ተወኝ እስቲ!» አሉና መሐለኛዎቹን ሁለት ጥርሶች በድንጋይ ራሳቸው አጠፏቸው። የቀሩት ሁለቱ ስንጥቁ ውስጥ ልክክ አሉ! ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ቁልፌን አዞርኩ፣ ጠበቅ አለ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የተንቀሳቀሰው ሹካው ነበር፤ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ሆኖ ወጣ። የሰው የሠርግ ዕቃ ነው። እሳቸው ግን ብርሃን ላይ አድርገው አዩትና «ዕድሜ ልኩን ቦዝኖ ኖሮ ሥራ ላይ እያለ ሞተ፤ ነፍሱን ይማር» አሉ። ያደርኩት በባና ሥር ነው። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ የመንዝ ልብስ ነው። የእኛ ከተማ ብርድ ልብስ ያሞቃል፤ ባና ግን ያሞቃልም፣ ይጫናልም፤ በጉ ራሱ ከላዬ የተኛ መሰለኝ። ጠዋት ከመሄዴ በፊት የካፖርታቸውን ገበር ሰፋሁላቸው።

ጥር 16። ከሞላሌ መሐል ሜዳ። የአገሩን ስም ያወጣ ሰው በብስክሌት ላይ ተቀምጦ በእግሩ እንደማይገፋ ግልጽ ነው፤ ሜዳው አያልቅም። የጫማዬ ሶል ሳስቶ ጠጠሩን አንድ በአንድ ማወቅ ጀመርኩ። ንፋሱም ከፊት ነው። በእኛ በኩል ንፋስ ሲመጣ አንድ ጥግ ይገኛል፤ እዚህ ጥግ የሚባል ነገር ገና አልተሠራም።

መሐል ሜዳ ደምሰው የሚባል በያጅ አገኘሁ። ብስክሌቷን አገላብጦ አየና «ልበይደው» አለ።

«እንዲፈታ ነው እኮ የምፈልገው።»

«ከተበየደ መፍታት አያስፈልግህም።»

ነገሩ ለጊዜው እውነት መሰለኝ። ስለ ሁለት ጥርሷ ብረት አስረድቼው ገባው። የበር ቁራጭ አነሣ፣ ለካ፣ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ማሽኑን ሲያበራ የከተማው መብራት ሄደ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከሰዓት ሆነ፣ መሸም። ደምሰው የበደለኝ ያህል ተሰምቶት «በል ሠርግ አለብኝ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። ባልሄድ ያኮርፍ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ በግ ጥብስ በላሁ፤ በጉ በመንገድ ላይ ያዳንኩት እንዳይሆን ፈራሁ። ሚዜዎቹ በየተራ ብሎኑን ሞከሩ፤ አንዱ በቀበቶ ዘለበት፣ አንዱ በጠርሙስ መክፈቻ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ለምርቃት ተነሡ። «ሙሽሮቹን ያጣምርልን!» አሉ። «አሜን!» አልን። «የእንግዳውን ብሎን ይፍታልን!» «አሜን!» ከኋላ የሙሽራዋ አባት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንዳያቀያይርብን!» ሲሉ ከሁሉም የጠነከረው አሜን ተሰማ።

ጥር 17። እናቴ ስትደውል ድምፅዋ ጎርንኗል። «ነገ ነው» አለች። መብራቱ አልመጣም፣ እኔም መጠበቅ አልቻልኩም፣ ወጣሁ። መንገዱ ገና ብዙ ነው፣ እግሬ የተሰበረበት ቦታ ይጠዘጥዘኛል፣ የንግሥ መንገደኞች ደግሞ በእግራቸው እየቀደሙኝ «በርታ» ይሉኛል።

ፀሐይ ሞቅ ስትል አንዲት እማሆይ ከኋላዬ ደረሱ። እማሆይ ወለተ ሰንበት ይባላሉ፤ እሳቸውም ወደ ጊዮርጊስ ናቸው። በእግሬ ስገፋ አይተው አንካሳ መሰልኳቸው።

«ልጄ፣ እግርህን ምን ነካህ? እሾህ ነው?»

ሳልመልስ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ጫማዬን አወለቁ። ኋላ እንደነገሩኝ የመንገደኛ እሾህ ለማውጣት የተሳሉ ናቸው፤ በዚያ መንገድ እሳቸውን አልፎ እሾህ ይዞ የሄደ ሰው የለም። ሁለቱንም እግሬን አገላብጠው እሾህ ሲያጡ ቅር አላቸው። እኔ ግን ዓይኔ አንገታቸው ላይ ቀረ። ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ተንጠልጥሏል። ወረንጦ ይኸው እሾህ ማውጫው ነው፤ የእሳቸው ግን አንጥረኛ የሠራው ወፍራም ብረት፣ ሁለት እግር ያለው፣ ጫፎቹ ጠፍጣፋ። ሁለት ጥርስ!

«እማሆይ፣ ይህን ለአፍታ ያውሱኝ።»

«ከአንገቴ አላወርደውም። ተስያለሁ። ደግሞስ ለእሾህ ነው እንጂ ለብረት አይደለም።»

አንድ ስለት በሌላ ስለት ሊቀር ነው። ተንበርክኬ ብሎኖቹን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው መረመሩ።

«ይቺ ነገር ትወጋሃለች?»

«እኔን አትወጋኝም፣ እማሆይ። እናቴን ግን ብርድ ላይ አስተኝታታለች።» ታሪኩን ነገርኳቸው።

«እንግዲያ እሾህ ናት» አሉ። «አምጣት።»

ክሩ አጭር ነው፤ ወረንጦው ከአንገታቸው አይወርድም። ስለዚህ እማሆይ ራሳቸው ወረዱ። አፈሩ ላይ ተንበርክከው፣ ጆሯቸውን ፔዳሉ ላይ አስደግፈው፣ በአንገታቸው በተንጠለጠለው ወረንጦ ዳዶውን ከኋላ ያዙ። «በስመ አብ» ሲሉ እኔ ከፊት አዞርኩ። «ቀጭ» አለ። ተፈታ! ስጮህ «ዝም በል፣ ገና አራት እሾህ አለ» አሉኝ።

መንገደኛው ተሰበሰበ። መነኩሲት ብስክሌት ሥር ወድቀው ሲጸልዩ ያየ ሰው ሁሉ ነጠላውን አስተካከለ፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት በጆሮዬ «በሽታው ምንድን ነው?» አለችኝ። «ብሎን» አልኳት። ከንፈሯን መጠጠችና አማተበች።

የመጨረሻው ብሎን ጠንካራ ነበር። እማሆይ ወደ ኋላ ሳቡ፣ እኔ አዞርኩ፣ «ቀጭ» ሲል አብሮ የክሩ ድምፅ ተሰማ። ወረንጦው አፈሩ ላይ ወደቀ። የእናቴን ስለት ላደርስ የእሳቸውን አፈረስኩ። እማሆይ አንገታቸውን ዳበሱ። ፈገግ አሉ።

«አላወርደውም አልኩ እንጂ አይወርድም አላልኩም» አሉ። «ከብረት እሾህ ካወጣ በኋላ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል? ለጊዮርጊስ ይግባ።»

ጥርሱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሳቀናው እንደ ደወል ጮኸ፤ ከማዶ ያሉ ገበሬዎች ሞፈራቸውን አቁመው አማተቡ። በዚያው ወረንጦ መልሰን አሰርነው። ሰንሰለቱ ያዘ፣ ብስክሌቷም ሄደች። እማሆይን ከኋላ ላስቀምጥዎ ብላቸው «እግር ተሰጥቶኛል» አሉኝ፤ ኮሮጇቸውን ብቻ ያዝኩላቸው። ያን ቀን እንደነዳሁት ነድቼ አላውቅም፤ የመጨረሻዬ መሆኑን ስለማውቅ ዳገት ላይም ከኮርቻዋ አልወረድኩም።

ጥር 18። ቤተ ክርስቲያኑ ከጊሼዋ ከተማ ከራቤል ወዲህ ነው። በሩ ላይ ስደርስ አንድ ቄስ እጃቸውን ዘርግተው «ውረድ! ተጭነህ አትገባም» አሉኝ። ያን ሁሉ መንገድ እየነዳሁ የመጣሁ ሰው ደነገጥኩና እናቴ ጋ ደወልኩ። «በደጅህ ነው ያልኩት» አለች። «በሩ ደጁ ነው። ውረድ።»

ታቦቱ ወጥቶ ከገባ በኋላ የስለት ዕቃ ለጨረታ ቀረበ፤ ምንጣፍ፣ ጃንጥላ፣ በግ፣ ሻማ፣ የእኔ ብስክሌት። የገዛት አንድ የበግ ነጋዴ ነው፤ መንዳት አይችልም። መሪዋን እንደ ሙክት ቀንድ ይዞ እየጎተተ ሲወስዳት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞራ ጮኸች። ፍሬኗ ነው። እንባዬ መጣ። እልልታው እንዲሰማት ስልኬን ከፍ አድርጌ ለእናቴ ያዝኩላት፤ ምንም ሳትል ዘጋችው። ቀጥሎ ወረንጦው ሲቀርብ ከአንድ ዲያቆን ጋር ተፎካክሬ እኔ ገዛሁት። እማሆይ ከሴቶቹ መካከል ሆነው በእጃቸው መረቁኝ።

ጥር 19። በአውቶቡስ ተመለስኩ። ለአራት ቀን የተንከራተትኩበትን የሄድኩ ሳይመስለኝ አለፍኩት፤ ተቀምጦ በመስኮት ሲያዩት መንዝ ያምራል። መሐል ሜዳ አውቶቡሱ ሲቆም ደምሰው እየሮጠ መጣ። መብራት መጥቶለታል። ገና ትኩሱ ያልበረደ፣ ሁለት ጥርስ ያለው፣ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ መሣሪያ በመስኮት አቀበለኝ። «በትክክል ለክቼ ነው የሠራሁት!» አለኝ። አቀፍኩት። እንግዲህ ብስክሌት ሳለኝ መፍቻ አልነበረኝም፤ አሁን ሁለት መፍቻ ይዤ ያለ ብስክሌት ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው።

ቤት ስገባ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሟል። እናቴ በጠራራ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። ስልኩን የዘጋችው ለካ ለመተኛት ነው። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና እስክትነቃ ጠበቅኩ። አልሳለችም።

ስትነቃ ክርኗን ዘረጋችልኝ። «ይሄ የሰሌን ስንጥር ገብቶ ሲያንገበግበኝ ከረመ» አለች። በወረንጦው አወጣሁላት። ወረንጦውን ከእጄ ወስዳ እያገላበጠች አየችው፤ ወደደችው።

«ብስክሌቷን ማን ገዛት?»

«አንድ የበግ ነጋዴ። መንዳት አይችልም።»

ፊቷ ተለወጠ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጊዮርጊስን ሥዕል ትኩር ብላ አየችና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ያንን የከንፈር እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«የሰው ልጅ እኮ ነው፤ ቢወድቅስ? በሰላም ዓመቱን ካደረስከው ይህን ወረንጦ እናስገባልሃለን አልኩት።»

«ደግሞ መሬት ላይ ልትተኚ ነው?»

«የለም፣ አሁንስ አልጋዬን ስለቱ ውስጥ አላስገባሁም» አለች ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ እየሳበች። «ልጄ በእግሩ ያመጣዋል ነው ያልኩት።»